ሌሎች የጻፉላቸው ሕዝቦች፦ ስለ ጥንቶቹ የባልቲክ ነገዶች



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጥንቶቹ የባልቲክ ነገዶች ነው። ስማቸው ለብዙዎቻችን ጆሮ እንግዳ ስለሆነ መጀመሪያ አገራቸውን ላመልክታችሁ። በስዊድንና በሩሲያ መካከል የተንጣለለ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ጨዉም ለዘብ ያለ ባሕር አለ፤ ባልቲክ ይባላል። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻው ዛሬ ላትቪያ፣ ሊትዌኒያ፣ የሩሲያ ይዞታ የሆነችው ካሊኒንግራድና የፖላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ይገኛሉ። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱት መካከል ሪጋን ወይም ቪልኒየስን የሚያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ቢኖር አይደንቀኝም። ጋዜጦች ኤስቶኒያን ጨምረው ሦስቱን «የባልቲክ አገሮች» ይሏቸዋል። በፖለቲካ ትክክል ነው፤ የኤስቶኒያ ሕዝብ ግን በቋንቋው የፊንላንዶች ዘመድ በመሆኑ የዛሬው ንግግሬ እሱን አይመለከትም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገዶቹ ብዙ ናቸው። በምዕራብ ፕሩሳውያንና ጎረቤቶቻቸው ዮትቪንጋውያን ነበሩ። በጠረፉ ላይ በባሕር ዘረፋ ስማቸው የገነነው ኩሮናውያን፣ ወደ መሀል አገር ሴሚጋላውያን፣ ሴሎናውያንና ላትጋላውያን፣ ከእነሱ በስተ ደቡብ ደግሞ የዛሬዎቹ ሊትዌናውያን አባቶች ይኖሩ ነበር። ቋንቋዎቻቸው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አገራቸው የዛሬው ካርታ ከሚያሳየን እጅግ የሰፋ ነበር። ቶፖሮቭና ትሩባቾቭ የተባሉ የሩሲያ የቋንቋ ሊቃውንት በ1962 ባሳተሙት ጥናት፣ በላይኛው ድኒፐር አካባቢ የሚገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የወንዝ ስሞች ምንጫቸው ባልቲካዊ መሆኑን አሳይተዋል። የሩሲያ ዜና መዋዕል ሞስኮን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነሣው በ1147 ነው፤ በዚያው ዓመት ትረካ ላይ በፕሮትቫ ወንዝ ዳር ጎልያድ የሚባል ሕዝብ መዘረፉን ይነግረናል። ጎልያዶች ወደ ምሥራቅ ርቀው የቀሩ የባልቲክ ሰዎች ነበሩ፤ ሞስኮ ገና ስሟ ሲጠራ እነሱ ጎረቤቷ ሆነው ተገኙ ማለት ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ነገዶች መካከል በነጻነቱ ዘመን ስለ ራሱ በገዛ ቋንቋው አንድ ገጽ ጽፎ የተወልን የለም። ፊደል አልነበራቸውም። ስለ እነሱ የምናነበው ሁሉ የሌላ ሰው ቃል ነው፤ የነጋዴ፣ የመርከበኛ፣ የመነኩሴ፣ በመጨረሻም አገራቸውን የወረሰው ፈረሰኛ። ስለዚህ ስለ ባልቲክ ነገዶች መማር ማለት በመጀመሪያ ምስክር መመርመር ነው። ማን ተናገረ? ቦታው ላይ ነበር? ምን ጥቅም ነበረው? እኔ በበኩሌ ከሁሉ አስቀድሜ የማምነው ሊሸጥና ሊገዛ የመጣውን ሰው ነው፤ ምክንያቱን አሁን ታያላችሁ።

የሩቅ ሰዎችን ዓይን ወደዚያ ባሕር የሳበው አምበር ነው። አምበር ከ40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጥንት ዛፎች የፈሰሰ፣ ተቀብሮም እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሙጫ ነው። ማዕበል ከባሕሩ ወለል እየነቀለ አሸዋው ላይ ይተፋዋል። ቀለሙ የማር፣ ክብደቱ ቀላል ነው፤ በጨርቅ ሲያሹት ገለባ ይስባል፣ እሳት ሲነካው ያውዳል። የጥንት ቅርስ ቆፋሪው ሽሊማን በ1876 በግሪክ አገር ሚኬኔ ላይ የነገሥታት መቃብር ሲቆፍር የአምበር ዶቃዎች አገኘ፤ መቃብሮቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ16ኛው መቶ ዓመት ናቸው። በ1960ዎቹ ኬሚስቱ ከርት ቤክ የሚኬኔን አምበር በኢንፍራሬድ መርምሮ የባልቲክ መሆኑን አረጋገጠ። እንዲህ ያለው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየተሻገረ አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ፣ የላኩትን ሰዎች ስም የሚያውቅ አንድ ገዢ እንኳ አልነበረም።

ሮማውያን ግን ሰው ላኩ። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደጻፈው በንጉሥ ኔሮ ዘመን ለግላዲያተሮች ትርኢት አምበር እንዲያመጣ አንድ ባለ ማዕርግ ወደ ባሕሩ ተልኮ ነበር። ይዞ የተመለሰው ብዛት አውሬዎቹን ከተመልካች የሚከለክለው መረብ ቋጠሮው ሁሉ በአምበር እስኪያጌጥ አደረሰ። ከመጣው ውስጥ ትልቁ ብቻውን 13 የሮማ ፓውንድ፣ ማለት ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ደግሞ በ98 በጻፈው «ጌርማኒያ» ላይ ኤስቲ ስለተባሉ የጠረፉ ሰዎች ይተርካል፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ኤስቲ የምዕራብ ባልቶች እንደሆኑ ይስማማሉ። የአማልክትን እናት ያመልካሉ፣ ከክፉ እንዲጠብቃቸው የከርከሮ ምስል ይይዛሉ፣ ብረት አይበዛላቸውም፣ እህል ግን ከጀርመኖች ይልቅ በትዕግሥት ያርሳሉ ይላል። አምበሩን እንዳለ፣ ሳይጠርቡት አምጥተው ይሸጣሉ፤ በሚከፈላቸውም ዋጋ ይደነቃሉ። ታሲተስ ራሱ ባሕሩን አላየም። ጀርመኖችን ሰነፍ ለማለት ጎበዝ ጎረቤት ያስፈልገው ነበርና እርሻውን ሲያወድስ ጥቂት ጠርጥሩት። የዋጋው ነገር ግን ከነጋዴ አፍ የወጣ ይመስለኛል።

ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ምስክር የተሻለ ነው። ዉልፍስታን ይባላል፤ በ9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዛሬዋ ሰሜን ጀርመን ከነበረው ከሄደቢ ወደብ ተነሥቶ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ተጉዞ ትሩሶ ወደተባለች የፕሩሳውያን የንግድ ከተማ ደረሰ። ያየውን ለእንግሊዙ ንጉሥ ለአልፍሬድ ቤት ተናግሮ ጸሐፊዎች በጽሑፍ አኖሩለት። የትሩሶም ፍርስራሽ በ1982 በፖላንድ ኤልብሎንግ ከተማ አጠገብ በቁፋሮ ተገኝቷል፤ ሰውየው አልዋሸም።

ዉልፍስታን ሰባኪ ስላልሆነ ያየውን ያወራል እንጂ አይፈርድም። አገሩ ሰፊ ነው፣ ብዙ አምባ አለው፣ በየአምባው ንጉሥ አለ፤ ማርና ዓሣ ሞልቷል ይላል። ንጉሡና ባለጸጎቹ የባዝራ ወተት ይጠጣሉ፤ ድሆችና ባሮች ጠጅ ይጠጣሉ፤ ጠላ አይጠመቅም፣ ጠጁ ግን የትየለሌ ነው። በአገራችን ጠጅ ለረጅም ዘመን የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ስለኖረ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ በፕሩሳውያን ዘንድ ግን ጠጅ የሌለው ሳይሆን ባዝራ የሌለው ሰው ነው ድሃ።

ቀጥሎ ስለ ለቅሶ ይናገራል፤ ይህ ክፍል ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጣል። ሰው ሲሞት አስከሬኑ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር በዘመዶቹ መካከል ሳይቃጠል ይቆያል፤ ባለጸጋ ከሆነ ረዘም ይላል፣ ንጉሥ ከሆነ እስከ ግማሽ ዓመት ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ቤቱ ውስጥ መጠጥና ጨዋታ አይቋረጥም። በበጋ አስከሬኑ እንዳይሸት ብርድ መፍጠር የሚያውቁ ሰዎች እንዳሉም ይነግረናል፤ በጋም ክረምትም በዕቃ ያለ ውሃ ያስረጋሉ ይላል። ከመጠጡና ከጨዋታው የተረፈው የሟቹ ንብረት አስከሬኑ ሊቃጠል በተያዘው ቀን በአምስት ወይም በስድስት ክምር ይከፈላል። ትልቁ ክምር ከቤቱ አንድ ማይል ያህል ርቆ ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ቀረብ ብሎ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ትንሹ ከደጁ ይደርሳል። በአካባቢው ፈጣን ፈረስ ያለው ሁሉ ከሩቅ ተሰልፎ ይጋልባል፤ የቀደመ ትልቁን ይወስዳል፣ ሌላውም እንደ አደራረሱ። ስለዚህ በዚያ አገር ፈጣን ፈረስ ዋጋው አይቀመስም። ከግልቢያው በኋላ ሟቹ ከመሣሪያውና ከልብሱ ጋር ይቃጠላል። ያልተቃጠለ አጥንት ከተገኘ ቤተሰቡ ከባድ ካሣ ይከፍላል።

አንዳንዱ አንባቢ «ልጆቹስ ምን ይወርሳሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መሬቱና ከብቱ በግልቢያው ውስጥ መግባቱን ዉልፍስታን አይናገርም። እንደሚመስለኝ የተሻሙበት ተንቀሳቃሹ ሀብት ብቻ ነው። ፈረሱን በተመለከተ ግን አፈሩ ራሱ ይመሰክርለታል። የዛሬዋ ካሊኒንግራድ ባለችበት በሳምቢያ ምድር የተቆፈሩ መቃብሮች ከላይ የተቃጠለ የሰው አጥንት፣ ከሥሩ ደግሞ ከነልጓሙ የተቀበረ ፈረስ አሳይተዋል። በሊትዌኒያ ካውናስ ከተማ ማርቬሌ በተባለው የመቃብር ቦታ ብቻ ከ200 በላይ ፈረሶች ተገኝተዋል።

በ1070ዎቹ የብሬመኑ አዳም የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሰው የሳምቢያን ፕሩሳውያን እጅግ ርኅሩኅ ሕዝብ ብሎ ያወድሳቸዋል። መርከባቸው የተሰበረባቸውን ያድናሉ፣ ወርቅና ብርን ይንቃሉ ይላል። ሆኖም ክርስቲያኖችን ወደ ተቀደሱ ዛፎቻቸውና ምንጮቻቸው አያስጠጉም፤ የፕራጉን ጳጳስ አዳልበርትን በ997 የገደሉት እነሱ መሆናቸውንም አዳም ያውቃል። ርኅሩኅ ናቸው፣ ሰባኪ ግን ይገድላሉ። በእኔ ዓይን ይህ ሁለት ጎን ያለው ምስክርነት ከጥሩ ምስክሮች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም አዳም ሁለቱን ነገር ለማስታረቅ አልሞከረም።

ከዚያ የመስቀል ጦረኞቹ መጡ። ሪጋ በ1201 በጀርመናዊው ጳጳስ አልበርት ተመሠረተች፤ በ1202 የሰይፍ ወንድሞች ማኅበር ተቋቋመ። ይህ ማኅበር በ1236 በሳውሌ ጦርነት የሊትዌናውያን ወገን በሆኑት በሳሞጊታውያንና በሴሚጋላውያን እጅ ስለተሰበረ የተረፉት ቴውቶን በተባለው በሌላው የጀርመን ፈረሰኞች ማኅበር ሥር ገቡ። ቴውቶኖቹ ደግሞ ከ1230 አካባቢ ጀምሮ የፕሩሳውያንን አገር በምሽግ በምሽግ ይይዙ ነበር። የ1249ኙ የክሪስትቡርግ ውል ለታሪክ ጸሐፊ ሲሳይ ነው። በጳጳሱ ልዑክ አሸማጋይነት የተጻፈ ሲሆን የተጠመቁ ፕሩሳውያን ምን ምን እንዳያደርጉ ይዘረዝራል። ሙት አያቃጥሉም፤ ከሙት ጋር ፈረስ፣ ሰው፣ መሣሪያ አይቀብሩም። ኩርኬ ለተባለው ጣዖት ከመከር በኋላ መሥዋዕት አያቀርቡም፣ ሁለት ሚስት አያገቡም። ከሁሉ የሚያስገርመው አልቃሾቻቸውን የሚመለከተው አንቀጽ ነው። እነዚህ ሰዎች በለቅሶ መካከል ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው፣ ሟቹ በሚያብረቀርቅ ትጥቅ፣ በእጁ ጭልፊት ይዞ፣ በፈረስ ላይ ሰማዩን እያቋረጠ ወደ ሌላው ዓለም ሲሄድ አየሁት ይሉ ነበር። ይህን ያቆየልን የከለከለው ሰው ብዕር ነው። ከዉልፍስታን ጋር ስታስተያዩት ፈረሱ እንደገና መጣ።

ውሉ አልተከበረም። በ1260 በዱርቤ ጦርነት ኩሮናውያን በሰልፉ መካከል ቴውቶኖችን ከድተው ሲዞሩባቸው 150 ፈረሰኞች ወደቁ፤ የፕሩሳውያን ታላቅ አመፅም ወዲያው ተቀጣጠለ። ከመሪዎቹ አንዱ ሄርኩስ ሞንቴ በልጅነቱ በመያዣነት ተወስዶ በጀርመን አገር ማግደቡርግ የተማረ ሰው ነበር፤ ጠላቶቹን በተማረው ጥበብ ወጋቸው፣ በ1273 ተይዞ ተሰቀለ። አመፁ በ1274 ከሸፈ፤ ሴሚጋላውያንም በ1290 እጃቸውን ሰጡ።

ድሉ ካበቃ በኋላ የድል አድራጊው ታሪክ ተጻፈ። የቴውቶኖቹ ቄስ ጴጥሮስ ዘዱስቡርግ በ1326 ባበቃው ዜና መዋዕል ላይ ፕሩሳውያን ሮሞቭ በተባለ ቦታ የሚኖር፣ ክሪቬ የሚሉት፣ እንደ ሮማ ጳጳስ ሕዝቦቹ ሁሉ የሚታዘዙት አንድ ሊቀ ካህናት ነበራቸው አለ። መቶ ዓመት ቀድሞ የነበሩት ጸሐፊዎች እንዲህ ያለ ሰው አያውቁም። በየአምባው የየራሱ ንጉሥ ለነበረው ሕዝብ አንድ ጳጳስ ከየት መጣለት? ፈረሰኞቹ ለመስቀል ጦርነታቸው እኩያ የሆነ የአረማውያን ቤተ ክርስቲያን ያስፈልጋቸው ነበር ባይ ነኝ። በኋላ ዘመን ክሪቬ በየትምህርት ቤቱ መጽሐፍ፣ በየሐውልቱና በየድራማው ጺሙን አንዠርግጎ ቆሟል፤ ከእሱ ይልቅ ያ ቄስ ሳይጨነቅበት የጻፈው አንድ ነገር ይበልጥብኛል። ፕሩሳውያን ቀጠሮ ሲይዙ በየቀኑ በእንጨት ላይ ጭረት ወይም በመታጠቂያቸው ላይ ቋጠሮ ያደርጉ ነበር ይላል።

የፕሩሳውያን መጨረሻ አሳዛኝ ብቻ ሳይሆን ግራ የሚያጋባም ነው። አገሩን የወረሱት ጀርመኖች ከአገሩ ጋር ስሙንም ወሰዱ። ዓለም በጦር ሠራዊቷ የሚያውቃት፣ በ1701 መንግሥት የሆነችውና በ1947 በአሸናፊዎቹ ኃያላን አዋጅ የፈረሰችው ፕሩሺያ ስሟን ያገኘችው ቋንቋቸው ከጠፋባቸው ከእነዚህ ሰዎች ነው። ቋንቋው ሙሉ በሙሉ የሞተው ከ1709 እስከ 1711 በወረደው ወረርሽኝ ዘመን አካባቢ ነው። የተረፈልን ጥቂት ነው፤ በ1400 አካባቢ የተገለበጠ የ802 ቃላት ዝርዝር፣ በ1545 ሁለት በ1561 አንድ የታተሙ የሉተር ትምህርተ ሃይማኖት ትርጉሞች፣ እና በባዝል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በ1974 በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሕዳግ ላይ የተገኘ፣ የ1369 አካባቢ ሁለት መስመር ጽሑፍ። በየትኛውም የባልቲክ ቋንቋ ከተገኙት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ስለ ጣዖትም ስለ ክርስቶስም አያወራም፤ መጠጣት እንጂ መክፈል የማይወድ ጓደኛን ይቀልድበታል። በወራሪ ብዕር ያልተቀባ አንድ ፕሩሳዊ ድምፅ ብናገኝ እሱም ከመጠጥ ቤት ሆነና አረፈው።

ሊትዌኒያ በሌላ መንገድ ሄደች። ሚንዳውጋስ በ1253 ዘውድ ጫነ፣ በ1263 ተገደለ፤ አገሪቱ ግን እስከ 1387 አረማዊ ሆና ኖረች፤ የሳሞጊታውያን ክፍል የተጠመቀው በ1413 ነው። ሆኖም እስከ ጥቁር ባሕር የሰፋችው ይህች ታላቅ መንግሥት እንኳ ጽሕፈት ቤቷን የምታካሂደው በስላቭ ቋንቋ ነበር። የመጀመሪያው የሊትዌንኛ መጽሐፍ በ1547 ሲታተም የታተመው በጀርመኖቹ ፕሩሺያ፣ በኮኒግስበርግ ነው። የሩሲያ ዛር ከ1860ዎቹ እስከ 1904 በላቲን ፊደል የሊትዌንኛ ኅትመት ሲከለክልም መጻሕፍቱ በድብቅ የተሻገሩት ከዚያው ወገን ነው፤ ድንበር ጠባቂ ጥይት እየተኮሰባቸው በጀርባቸው ተሸክመው ያሻገሩ ገበሬዎች ዛሬ በአገሪቱ ጀግኖች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ ሊትዌንኛን የሚያጠኑት ከሕያዋን የሕንድና አውሮፓ ቋንቋዎች ውስጥ ጥንታዊ ቅርጹን በብዛት የያዘ በመሆኑ ነው፤ ከእነሱ አንዱ አውጉስት ሽላይኸር በ1852 ቋንቋውን ከገበሬዎች አፍ ለመስማት ብሎ ሄዷል።

የላትቪያን ነገር በአጭሩ ላልፈው ብፈልግም ዘፈኖቿ አያስችሉኝም። ላትጋላውያን፣ ሴሚጋላውያን፣ ሴሎናውያንና ኩሮናውያን በጀርመን ባላባቶች ገባርነት ሥር ለዘመናት ተቀላቅለው አንድ ሕዝብ ሆኑ። ገባር ስለ ነበሩ ራሳቸው የጻፉት መጽሐፍ ብዙም አልነበራቸውም፤ ያላቸው ዳይና የሚሉት አጭር፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት መስመር የቃል ግጥም ነበር። ክሪሽያኒስ ባሮንስ የተባለ ሰው ሞስኮ ሆኖ በየመንደሩ የተለቀሙትን ግጥሞች በትንንሽ ወረቀቶች ላይ ገልብጦ፣ በ1880 ባሠራው ባለ ብዙ መሳቢያ ቁም ሣጥን ውስጥ በየርእሳቸው ደረደራቸው። ከ1894 እስከ 1915 ያሳተማቸው 217,996 ናቸው። ቁም ሣጥኑ ራሱ ከ2001 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም መዘክር መዝገብ ውስጥ አለ። በዳይናዎቹ ፀሐይ ሴት ናት፣ ጨረቃ ወንድ ነው፤ ነጎድጓዱ ፔርኮንስ ይጮኻል፣ ላይማ የተወለደውን ሕፃን ዕድል ትወስናለች፤ ወላጅ አልባ ልጅ፣ አማት፣ ወፍጮ፣ ማረሻ አለ።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ የአገሩ ጸሐፍት እነዚህን ግጥሞች በቀጥታ የሦስት ሺህ ዓመት ድምፅ አድርገው ያቀርባሉ። አይደሉም። የተጻፉት በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የገባር ሴቶች ግጥም ናቸው፣ የባላባቱን ግብርና ቤተ ክርስቲያኑን ያውቃሉ። ፔርኮንስ በእርግጥ ጥንታዊ ነው፤ በሊትዌኒያም ፔርኩናስ እየተባለ ይገኛልና። ከላዩ የተደረበውን ሸማ ግን በየክፍለ ዘመኑ ሌላ ሰው ሸምኖታል። እንዲያውም ዋጋቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ስለ ራሳቸው ራሳቸው የተናገሩበት ብቸኛው ትልቅ ሥራ እሱ ነውና።

የቀረው ያለው መሬት ውስጥ ነው። በሊትዌኒያ ብቻ ከ800 በላይ የጥንት አምባዎች ተመዝግበዋል፤ ጎን ለጎን አምስት አምባ የያዘችው ኬርናቬ በ2004 የዓለም ቅርስ ሆናለች። በላትቪያ አራይሺ ሐይቅ ላይ ያኒስ አፓልስ ከ1965 ጀምሮ የቆፈረው የ9ኛውና የ10ኛው መቶ ዓመት የላትጋላውያን መንደር፣ በውሃ ውስጥ በመቆየቱ ግንዱ እንኳ ሳይበሰብስ ተገኝቷል፤ ሰዎቹ ጠባብ የግንድ ቤቶችን ጎን ለጎን አጋጥመው ሐይቁ ላይ ሠርተው ነበር። ዛሬ እንደገና የተሠራውን መንደር መጎብኘት ይቻላል።

በመጨረሻ ወደ ፕሩስኛ ልመለስ። ባለፉት አሥርት ዓመታት በሊትዌኒያ፣ በፖላንድ፣ በጀርመንና በካሊኒንግራድ ጥቂት ሰዎች ይህን የሞተ ቋንቋ መልሰው ለመናገር ተነሥተዋል፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ቤተሰቦችም አሉ፣ «ትንሹ ልዑል» የተባለው መጽሐፍ ሳይቀር ተተርጉሟል። አንዳንድ ሊቃውንት ይስቁባቸዋል፤ እኔ አልስቅም፣ አዲስ ቋንቋ መሆኑን እስካልሸሸጉ ድረስ። አስቸጋሪው ግን ሌላ ነው። ያ የ802 ቃላት ዝርዝር ከሞላ ጎደል ስም ብቻ ነው፤ የሰውነት ክፍል፣ የጋሪ ዕቃ፣ ወፍ፣ ዛፍ፣ መሣሪያ። ግሥ በብዛት የሚገኘው በትምህርተ ሃይማኖቶቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ በፕሩስኛ ስለ ገበያ ውሎው ሊያወራ የፈለገ ወጣት ስሞቹን ከአንድ ጀርመናዊ ጸሐፊ፣ ግሦቹን ከሉተር ጸሎትና ስብከት ይወስዳል፤ የጎደለውንም ከሊትዌንኛና ከላትቪኛ እየተበደረ ይሞላል።